ብሬከንሪጅ ላይ ቤት ገዝቶ በአዳር ማከራየት፦ ጥያቄና መልስ

የኮሎራዶዋ የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ ብሬከንሪጅ ከዴንቨር በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ትርቃለች። ዴንቨርና አጎራባቿ አውሮራ ያሉ ወገኖች እዚያ ቤት ገዝተው ለእንግዳ ለማከራየት እያሰቡ ብዙ ጠይቀውኛል። ቤት ማስተዳደር ሥራዬ ስለሆነ የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ደላላዋ ባለ ሦስት መኝታ ቤት አሳይታኝ «ባለቤቱ የማከራየት ፈቃድ አለው፤ አንተም በዚያው ትቀጥላለህ» አለችኝ። ልፈርም?

መልስ፦ ዛሬስ አይፈርሙ! ፈቃዱ የባለቤቱ እንጂ የቤቱ አይደለም፤ ቤቱ ሲሸጥ አብሮ አይተላለፍም። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ከሪዞርት ሕንፃዎች ውጭ ያሉትን ፈቃዶች በ2,200 ገደበ፤ በ2022 ደግሞ ከተማዋን በዞን ከፋፈለ። መኖሪያ ሰፈሮች ለሚበዙበት ዞን 3 የደረሰው 390 ብቻ ነው። ደንቡ ሲወጣ በዞኑ የነበሩት ፈቃዶች ከዚህ ይበልጡ ስለነበር፣ ነባሮቹ እየሸጡ ካልወጡ አዲስ ገዢ ተራ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም። የባንክ ዕዳው ግን ተራ አይጠብቅም። አድራሻውን ይዘው የከተማውን አስተዳደር ዞኑንና የወረፋውን ርዝመት ይጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ደላላዋ የምትከፈለው ቤቱ ሲሸጥ መሆኑንም አይርሱ።

ጥያቄ፦ ቀንና ሌሊት እንግዳ ተቀባይ ያለበት ኮንዶሚኒየምስ?

መልስ፦ ከፈቃዱ አንጻር ይሻላል፤ ከገደቡ ውጭ ናቸው ያልኳቸው ሪዞርት ሕንፃዎች እንዲህ ዓይነቶቹ ናቸውና። ነገር ግን የባለቤቶች ማኅበሩን ወርሃዊ መዋጮ ሳያዩ አይወስኑ፤ ትርፉን የሚበላው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዓመታዊው ክፍያ ስንት ነው?

መልስ፦ በ2022 ለአንድ መኝታ ክፍል 400 ዶላር የነበረው በ2023 ወደ 756 ከፍ ብሏል። ባለ ሦስት መኝታ ቤት አንድ እንግዳ ሳያስተናግድ 2,268 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ከእንግዳው የሚሰበሰበው የማረፊያ ግብር ደግሞ ለብቻው አለ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ምቀኝነት አይደለም?

መልስ፦ እኔ እንደዚያ አላየውም። በረዶ የሚጠርገው፣ አልጋ የሚያነጥፈውና ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሰው በከተማዋ የሚከራየው ቤት አጣ። በሌላዋ የኮሎራዶ የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ በስቲምቦት ስፕሪንግስ ነዋሪው ራሱ በ2022 ድምፅ ሰጥቶ በአጭር ጊዜ ኪራይ ላይ 9 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ገንዘቡም ለሠራተኛ መኖሪያ እንዲውል ነው። ደንቡ ኪሴን ቢነካኝም ምክንያቱ ይገባኛል።

ጥያቄ፦ አውሮራ ተቀምጬ ላስተዳድረው እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ጎረቤት ስለ ጩኸት ወይም ስለ መኪና ማቆሚያ አቤቱታ ካቀረበ ኃላፊ ተብሎ የተመዘገበው ሰው በ60 ደቂቃ ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት። ቅዳሜ ማታ በረዶ እየጣለ ከዴንቨር ወደ ተራራው በሚወስደው ሀይዌይ 70 የተጓዘ ሰው የቀረውን ያውቀዋል። እዚያው የሚኖር ሰው ይቅጠሩ፤ ደመወዙንም ሂሳብዎ ውስጥ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ እኛ ተከራዮች ነን። ለገና 12 ሆነን ባለ ሦስት መኝታ ቤት ይዘናል። ቡናም እናፈላለን፤ ችግር አለው?

መልስ፦ ሁለት ችግር አለው። የሚፈቀደው የሰው ብዛት በአንድ መኝታ ክፍል ሁለት ሆኖ በላዩ አራት ይጨመራል፤ ስለዚህ ከ10 አትበልጡም። ሁለተኛው፣ ቡናውን በከሰል የምታፈሉ ከሆነ፣ የባሰ ነው። በ2008 አስፐን ውስጥ ለዕረፍት የሄዱ የአንድ ቤተሰብ አባላት በካርቦን ሞኖክሳይድ (ከሰል፣ ጋዝ ወይም እንጨት ሲነድ በሚወጣ ሽታ አልባ መርዛማ ጋዝ) ሞተው፣ በ2009 የወጣው የኮሎራዶ ሕግ ጋዝ ወይም እንጨት የሚነድባቸው ኪራይ ቤቶች መኝታ ክፍሎች አቅራቢያ የዚህ ጋዝ ማንቂያ እንዲኖር ያስገድዳል። ማንቂያው ጮኸ ብለው ባትሪውን የሚያወጡ እንግዶች አጋጥመውኛል። እባካችሁ፣ ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ፤ ጀበናውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣዱት።

ጥያቄ፦ ተራራው ይቅርብኝና ዴንቨር ሁለተኛ ቤት ገዝቼ ባከራይስ?

መልስ፦ ዴንቨር በአዳር እንዲከራይ የሚፈቅደው ራስዎ የሚኖሩበትን ዋና ቤት ብቻ ነው፤ ለእሱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለተኛውን በዓመት ውል ያከራዩት።