ጆሮዬን ልመን ወይስ መለኪያውን?

ጥያቄ፦ ጎንደር አዘዞ ውስጥ፣ 4 በ3 ሜትር በሆነች የብሎኬት ክፍል፣ አነስተኛ ስቱዲዮ ከፍቻለሁ። ግድግዳውን 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ካለበስኩት ወዲህ ለቀረጻ የሚመጡት ማሲንቆ መቺዎች «አሁን ድምፁ ጠራ» ይሉኛል፤ በማይክሮፎንና በላፕቶፕ የለካልኝ ወዳጄ ግን ወፍራሙ ድምፅ ቅንጣት እንዳልተለወጠ ይናገራል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ማሲንቆ መቺዎቹ የሰሙት እውነት ነው፤ ነገር ግን ማሲንቆ ስለዚያች ክፍል የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው። ጭራው ሲፋተግ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ አብዛኛው ስፖንጁ ውስጥ ስለሚቀር ከብሎኬቱ ነጥሮ አይመለስም። የ100 ሄርዝ (በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ) ወፍራም ድምፅ ሞገድ ግን 3.4 ሜትር ያህል ስለሚረዝም 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅን ከምንም አይቆጥረውም (በስፖንጅ ፋንታ የሚለጠፈው የእንቁላል መያዣ ካርቶንማ ባይነሳ ይሻላል)። በዚህ ላይ የክፍሉ 4 ሜትር ርዝመት በ43 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እያመላለሰ ያቆየዋል። ትልቅ ከበሮ ያስመቱና ከጥግ ወደ መካከል ይራመዱ፤ ጥግ ላይ የሚያጓራው ምት መካከል ሲደርሱ ይሳሳል። ወዳጅዎ በመሣሪያ ያየው ይህንኑ ነው።

የክፍል ድምፅ ልኬት ራሱ የተጀመረው በጆሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚነገር ቃል 5.5 ሰከንድ ያህል እያስተጋባ አላስደምጥ ቢል፣ የዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ሌሊት ሌሊት የኦርጋን ቧንቧ እያስነፋ፣ ከቴአትር ያስመጣቸውንም የወንበር ትራሶች እየጨመረ፣ ድምፁ ከጆሮው እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ በሰዓት ይለካ ነበር። ጆሮውን የጠየቀው «ያምራል?» ብሎ ሳይሆን «አሁንም ይሰማል?» ብሎ ነው።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። የድምፅ ትዝታ ፈጥኖ ይደበዝዛል፤ ስፖንጅ ሲለጥፍ የዋለ ሰው ደግሞ ድካሙ ከንቱ እንዲሆን አይወድም። ስለዚህ ከማንኛውም ለውጥ በፊትና በኋላ ያንኑ ከበሮ ከአንድ ቦታ ይቅረጹ፤ ጎላ ያለው የተሻለ ስለሚመስል የሁለቱን ቅጂዎች ከፍታ ያስተካክሉ፤ ከዚያም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግርዎ ሌላ ሰው እያቀያየረ ያሰማዎ። መለኪያው ያሳየውን ጉድለት ደጋግመው ካልለዩት ገንዘብዎን አያውጡበት። ከለዩት ግን አራቱን ጥጎች ከወለል እስከ ጣሪያ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሚወፍር፣ ሮክ ዉል በሚባለው የማዕድን ሱፍ ይሙሏቸው። ስፖንጅ መጨመር ክፍሉን ያፍነዋል እንጂ ጉምጉምታውን አያስወግድም።