አካሉ ሲወጣ ነፍሱስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ታናሽ ወንድሜ ተይዞ ስድስት ቀን ሙሉ ችሎት ሳይቀርብ ቆየ። እናታችን ከኩታበር መጥታ አብረን ወደ ፍርድ ቤት ሄድን። ማመልከቻ ጸሐፊው የወረቀቱን አናት «አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ» ብሎ ሲያነብላት፣ «አካሉ ሲወጣ ነፍሱ የት ልትቀር ነው?» አለች። ዳኛው ወንድሜን አስቀርበው ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ እንዲለቀቅ አዘዙ። ጎረቤቱ ሁሉ «ነፃ ወጣ» ብሎ ቡና አፈላ። ወር ሳይሞላ ግን የክስ መጥሪያ ደረሰው። እናቴ እስከ ዛሬ «ነፃ ወጥቷል አላችሁኝ አልነበር?» ትለናለች። ስያሜው ትክክለኛ አማርኛ ነው? ወይስ የተሳሳትነው እኛ ነን?

መልስ፦ እናትዎን ከልብ አመሰግናለሁ። የሕግ ትምህርት ሳይማሩ፣ አማርኛቸውን አጥብቀው በመያዛቸው ብቻ የስያሜውን ሁለት ስንጥቆች በሁለት ዐረፍተ ነገር ነክተዋል። አንደኛው ስንጥቅ ላይ ላዩን ነው፤ ሁለተኛው ጠልቋል።

በላይኛው ልጀምር። ዛሬ «አካል» ሲባል ብዙ ሰው እጅና እግር፣ ጡንቻና አጥንት ይታየዋል። ነባሩ ትርጉም ከዚህ ይሰፋል። የቤተ ክህነት ሊቃውንት ስለ ሥላሴ ሲያስተምሩ «ሦስት አካል» የሚሉት ሥጋን አይደለም፤ «እኔ» የሚል፣ የራሱ ስም ያለው ማንነትን ነው። እናትም ልጇን «አካሌ» ስትል የምትጠራው ሰውየውን በሙሉ ነው። ስለዚህ በአቤቱታው ላይ «አካል» የተባለው ወንድምዎ እንዳለ ነው፤ ነፍሱ ጣቢያ አልቀረችም። ቃሉ ይበልጥ የተጎዳው በየቢሮው ነው፤ «የሚመለከተው አካል» የምንለው ፍጡር እስካሁን በአካል ተገኝቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ስንጥቅ «ነፃ ማውጣት» የሚለው ላይ ነው። ስያሜው ሲፈለግ የነበረው የላቲኑን «ሃቢየስ ኮርፐስ» ለመተካት ነው። ላቲኑ በግርድፉ «አካሉ ይኑርህ» ማለት ነው፤ ይኸውም «የያዝኸውን ሰው ይዘህ ችሎት ቁም» የሚል ትእዛዝ መነሻ ነው። እንግሊዞች ይህን አሠራር በ1679 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሕግ አጠናክረውታል። ልብ ይበሉ፤ ትእዛዙ የሚናገረው ለእስረኛው አይደለም፣ ለያዘው ሰው ነው። ግሡም «አቅርብ» እንጂ «ልቀቅ» አይደለም። መልቀቅ የሚመጣው ዳኛው ከሰማ በኋላ ነው፤ ላይመጣም ይችላል። አማርኛው መካከለኛውን ደረጃ ዘልሎ መጨረሻውን ስም አደረገው። አቤቱታው ገና ሳይታይ ርእሱ ውጤቱን ተስፋ ይሰጣል።

በእኛ ሕግ ይህ አቤቱታ የሚገኘው በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ውስጥ አይደለም፤ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 ላይ ነው። ቦታው ራሱ ትርጉሙን ይናገራል። ዳኛው የሚጠይቀው «ሰውየው ሰርቋል ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «ማን ያዘው? በምን ሥልጣን?» ብሎ ነው። የወንድምዎ ጥፋተኝነት በዚያ ቀን ከቶ አልተነሣም፤ ስለዚህ ነፃ ሊባልበትም አይችልም ነበር።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው በፍርድ ቤት አማርኛ አንድ ሰው ከእስር የሚወጣበት በር ሦስት ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ በሮች ላይ «ነፃ» የሚል ስለተጻፈ ነው። «በዋስ ተለቀቀ» ማለት ጉዳዩ አላለቀም፣ ዋስ ጠርቷል፣ ሲጠራ ይመጣል ማለት ነው። «በነፃ ተሰናበተ» ማለት ተከስሶ፣ ማስረጃ ተሰምቶ፣ ጥፋተኛ አይደለም ተብሏል ማለት ነው። «አካሉ ነፃ ወጣ» ግን አያያዙ ሕገ ወጥ ነበር ማለት ብቻ ነው። ጎረቤቶችዎ «አካሉ» የሚለውን ጣሉና «ነፃ ወጣ» አሉ፤ ሦስተኛው በር ሁለተኛውን መሰለ። አልፈርድባቸውም። ስያሜው ራሱ ገፋፍቷቸዋል።

እኔ ብጠየቅ «አካልን የማስቀረብ አቤቱታ» እል ነበር። ይህ ለአማርኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በዱሮ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ አንድ ላይ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ መከታተል» ስንል የቀረልን የቋጠሮው ጥላ ነው። የቁራኛን ብልሃት ግን ረስተነዋል፦ የሚያስረውም ታስሯል። ከሳሹ ከተከሳሹ ጋር አብሮ ስለሚውልና ስለሚያድር ወደ ዳኛው የሚቸኩለው እሱም ነው። ዛሬ ቁልፍ የያዘው ሰው ማታ ቤቱ ይገባል፤ ስለዚህ የሚያስቸኩለው ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ያለው የ48 ሰዓት ገደብ ያንን ቋጠሮ ተክቶ የቆመ ነው፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በተገቢው ግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ከቁጥሩ ውጭ ነው። ስድስት ቀን በምንም መንገድ ጉዞ አይባልም።

ያው አንቀጽ በንኡስ ቁጥር 4 ላይ የተጠቀመበት «የአካል ነፃነት» የሚል ሐረግ ከአቤቱታው ስያሜ ይሻላል። ሰውየው ከመጀመሪያውም የነበረውን ነገር ያስከብራል እንጂ አንድ ባለሥልጣን ያወጣለታል አይልም። ይህን ፍርድ ቤት የመጠየቅ መብትም «ሊጣስ የማይችል» ይለዋል፤ ሕግ አርቃቂዎች እንዲህ ያለ ቅጽል በቀላሉ አይሰጡም።

ይህ ሁሉ ቃል መሰንጠቅ ነው የሚል ካለ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ይሂድና ውጫሌ ላይ ይውረድ። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል የኢጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ አደረገው፤ ጠቡ አድዋ ድረስ ሄደ። አጋጣሚ ሆኖ በዛሬው ሕገ መንግሥት ከሕግ ሥርዓት ውጭ ማንም ነፃነቱን አያጣም የሚለውም አንቀጽ 17 ነው። አንቀጽ 106 ደግሞ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ስለዚህ «አካል» እና «ነፃነት» ምን ማለት እንደሆኑ ለማወቅ ዳኛው የሚሸሽበት ሌላ ቋንቋ የለም። እንደ እናትዎ ያለ አማርኛ ሰሚ በችሎት ቢበዛ አልጠላም።

ወደ መጥሪያው ልመለስ። መጥሪያው የቀድሞውን ትእዛዝ አይሽርም። ወንድምዎ የአንቀጽ 19 ርእስ ከሚጠራቸው «የተያዙ ሰዎች» ወጥቶ፣ የአንቀጽ 20 ርእስ ወደሚጠራቸው «የተከሰሱ ሰዎች» ገብቷል። እዚያም ቢሆን በፍርድ ሂደት ላይ እስካለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። «ወንጀለኛው ችሎት ቀረበ» ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ቢያጋጥምዎ ዜናውን ሳይሆን አማርኛውን ይጠራጠሩ፤ ትክክለኛው ቃል «ተከሳሽ» ነው፤ ከክስ በፊት ከሆነም «ተጠርጣሪ»።

ለእናትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ ያን ቀን ዳኛው የፈረዱት በአያያዙ ላይ ነው፤ በልጅዎ ላይ የሚፈርዱት ገና ነው። ቀጠሮውን እንዳያሳልፍ፤ ጠበቃም ይያዝ። ከችሎት ሲመለስ «በነፃ ተሰናበትሁ» ካለ ሁለተኛው ቡና ይፈላ። የመጀመሪያውም ቢሆን በከንቱ አልፈላም።