የክፍል ጓደኛን የኢንሳይክሎፒዲያ ረቂቅ ስለ መገምገም፦ ለጠያቂዋ እህቴ

እህቴ፣ የክፍል ጓደኛሽ ለውክፔዲያ ያዘጋጀችውን ረቂቅ እንድትገመግሚ መታዘዝሽንና፣ ሳታስቀይሚያት ምን ብለሽ እንደምትጽፊ መቸገርሽን ገልጸሻል። እኔም በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

1. ከፊደል እርማት አትጀምሪ። የእኔ ጥፋት የመነጨው ከዚህ ነው። የጓደኛዬ ረቂቅ ከሮም ስለተመለሰው የአክሱም ሐውልት ነበር። እኔ «ሀውልት» የሚለውን «ሐውልት»፣ «አመት» የሚለውን «ዓመት» እያልኩ አራት ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ሞላሁ፤ ትጉህ ገምጋሚ የሆንኩም መስሎኝ ነበር። ነገር ግን «ጣሊያን ሐውልቱን በ1937 ዓ.ም. ወሰደች፤ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ልትመልሰው ተስማማች፤ በ1997 ዓ.ም. አክሱም ደረሰ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንድ ፊደል ብቻ አርሜ አለፍኩት። 1937 የአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን ሌሎቹ ሁለቱ የእኛ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነውና፣ ረቂቁ ጣሊያን ተሸንፋ ከወጣች ከዓመታት በኋላ ሐውልቱን እንደወሰደች የሚናገር ሆኖ ቀረ።

2. ስሕተት ስታገኚ ለብቻዋ ንገሪያት፤ በጥያቄ መልክ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። መምህራችን ይህን አላደረጉም። ዓረፍተ ነገሩን በክፍሉ ሁሉ ፊት ጮክ ብለው አነበቡና እሷን አስነሥተው ወቀሷት፤ ገምጋሚው ማን እንደነበረ እንኳ አልጠየቁም። እሷ አንገቷን ስትደፋ እኔ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የመምህሩ አነጋገር ዛሬም ያናድደኛል፤ የእኔ ዝምታ ግን ከዚያ ይብሳል።

ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ጽሑፉን ልትተወው ወሰነች። የረቂቁ ጥሩ ክፍል የትኛው እንደሆነ የነገራት ሰው አልነበረም፤ እኔም በአራቱ ገጽ ውስጥ አንድ ቃል አላነሣሁላትም። ሃያ አራት ሜትር ያህል ቁመት ያለው ድንጋይ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት በረራ እንዴት እንደተጓጓዘ የጻፈችው አንቀጽ ግን፣ ነገሩን ፈጽሞ ለማያውቅ አንባቢ እንኳ ግልጽ ነበር። ስለዚህ ይቅርታ ጠይቄ አዲስ አስተያየት በአንድ ገጽ ጻፍኩላት፦ መጀመሪያ ያንን አንቀጽ ጠቅሼ ለምን እንደወደድኩት፣ ቀጥሎ «1937 በየትኛው አቆጣጠር ነው?» የሚል ጥያቄ፣ በመጨረሻም «ወደር የሌለው ድንቅ ቅርስ» የሚለው ውዳሴ የማን አባባል እንደሆነ ምንጩን እንድትጠቅስ፣ ካልተገኘም መጠኑንና ታሪኩን ብቻ እንድታስቀምጥ። በአንድ ምሽት አስተካክላ አመጣችው፤ ጽሑፉም ታትሞ ሳየው የራሴን ያህል ኮራሁበት።

አንቺም ረቂቁን ስትከፍቺ እስክሪብቶ ሳታነሺ በፊት፣ በውስጡ ያሉትን ዓመታት ሁሉ በሌላ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ጻፊያቸው፤ በየአንዳንዱም አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን አስፍሪ።