ለወጣት አቀናባሪዎች፦ «ፕላስቲክ ቢች»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አድምጡት

ውድ ልጆቼ፣

ሥራዎቻችሁን ስታሰሙኝ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ አንድ ነገር አለ። ማሲንቆው ከአፍሮቢት ምት ጋር፣ ዋሽንቱ ከሂፕ ሆፕ ጋር፣ የአዝማሪው እንጉርጉሮ ከኤሌክትሮኒክ ቤዝ ጋር ተዋሕዶ ይመጣል። እጃችሁ የሠለጠነ ነው፤ በአንድ ላፕቶፕ የምታወጡት የድምፅ ጥራትም በካሴቱ ዘመን ትልቅ ስቱዲዮ ገብተን እንኳ የማናገኘው ነበር። ነገር ግን እነዚህን ድምፆች ምን አገናኛቸው ብዬ ስጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው መልስ «አብረው ደስ ይላሉ» የሚል ነው። ይህ መልስ ለአንድ ነጠላ ዜማ ሊበቃ ይችላል፤ አሥር አሥራ አምስት ዘፈን ለሚይዝ አልበም ግን አይበቃም። ስለዚህ ጉዳይ ረጋ ብዬ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ፤ ለማስረዳትም አንድ አልበም መርጫለሁ፤ ጎሪላዝ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በማርች 2010 ያወጣውን «ፕላስቲክ ቢች»።

ጎሪላዝ እ.ኤ.አ. በ1998 በለንደን የተመሠረተ ነው። መሥራቾቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የብለር ባንድ ድምፃዊ ሆኖ ዝናን ያተረፈው ዴመን አልባርን፣ ሌላው «ታንክ ገርል» የተባለውን የኮሚክ ሥራ ከባልደረባው ጋር የፈጠረው ሠዓሊ ጄሚ ሂውሌት። ሁለቱ በአንድ ቤት አብረው በሚኖሩበት ጊዜ፣ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ የሚያሳያቸው የሙዚቃ ቪዲዮዎች ባዶነት አሳሰባቸውና አራት በሥዕል የተፈጠሩ አባላት ያሉት ባንድ አቋቋሙ። ድምፃዊው ቱ-ዲ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ መርዶክ ኒካልስ፣ ጊታር ተጫዋቿ ኑድል፣ ከበሮ መቺው ራስል ሆብስ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 መድረክ ላይ ሲወጡ እውነተኞቹ ሙዚቀኞች ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ይጫወቱ ነበር፤ ታዳሚው ፊት ለፊት የሚያየው የተሣሉትን አራቱን ነበር።

እንዲህ ያለው በሥዕል የተፈጠሩ አባላት ያሉት ባንድ ቨርችዋል ባንድ ይባላል። ዛሬ ቨርችዋል ባንድ ሲባል ብዙዎቻችሁ ኮምፒውተር የሠራው፣ የሰው እጅ ያልነካው ሙዚቃ ይታያችሁ ይሆናል። ጎሪላዝ እንደዚያ አይደለም። የተሣለው ፊቱ ብቻ ነው፤ ድምፁም፣ ትንፋሹም፣ አውታሩን የሚመታው ጣትም የሰው ነው። ሥዕሉ ያስገኘው ጥቅም ሌላ ነው። አድማጭ ከብለር የሚጠብቀው ነገር ነበረው፤ ብለር የእንግሊዝ የጊታር ባንድ ስለነበረ በሂፕ ሆፕ ምት ቢመጣ ብዙ ሰው ይከፋ ነበር። ከቱ-ዲና ከኑድል ግን ማንም የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ራፕም፣ ዱብ የተባለው የሬጌ ዘርም፣ የጥቁር አሜሪካውያን ሶልም፣ የአሻንጉሊት ኪቦርድ የሚመስል ድምፅም በአንድ ስም ሥር መግባት ቻለ። ይህን የምነግራችሁ ፊታችሁን ደብቁ ለማለት አይደለም። በየማኅበራዊ ገጹ ፊታችሁ ከሥራችሁ በፊት እንዲታይ የሚገፋፋችሁ ዘመን ላይ ስለሆናችሁ፣ ሥራው ቀድሞ እንዲታይ ብለው ራሳቸውን ወደ ኋላ ያደረጉ ሰዎች ምን ያህል ነፃነት እንዳገኙ እንድታዩ ነው።

አሁን ወደ አልበሙ ልምጣ። አልባርን በቃለ ምልልሶች እንደተናገረው፣ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዴቨን በሚገኘው ቤቱ አጠገብ ባለው የባሕር ዳርቻ ሳለ ከአሸዋው ጋር የተቀላቀሉትን የፕላስቲክ ስብርባሪዎች ማስተዋል ጀመረ። በማሊ ያየውን የቆሻሻ መጣያም ለንደን አቅራቢያ ካየው ጋር አነጻጸረ። በማሊ ሰዎች እያንዳንዷን ነገር ለቅመው ቁራጭ ጨርቁን ጨርቅ ለሚያድሱት፣ ብረቱንና ጣሳውን ለቀጥቃጮች ያደርሱ ነበር። የቆራሌውን ጥሪ እየሰማ ላደገ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በእንግሊዙ መጣያ ያስደነቀው ግን የሚለቅመው ሰው ሳይሆን በውስጡ የሚኖረው እንስሳ ነበር፤ እባቡ፣ እንቁራሪቱ፣ ቀበሮው፣ የባሕር ወፉ። ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ሐሳብ እንዲህ የሚል ነው፦ ፕላስቲክን የተፈጥሮ ተቃራኒ አድርገን እንቆጥረዋለን፤ ነገር ግን እርሱም ራሱ ከተፈጥሮ የወጣ ነው።

እዚህ ላይ እንድትቆሙልኝ እፈልጋለሁ፤ የአልበሙ ሁሉ ምሥጢር እዚህ ነውና። «ፕላስቲክ አካባቢን ይበክላል» የሚለው መልእክት እውነት ነው፤ አንድ የቅስቀሳ ዘፈን ያሠራል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። «ሰው ሠራሽ የምንለውና ተፈጥሯዊ የምንለው ድንበራቸው የት ላይ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ግጥም ብቻውን የሚሸከመው አይደለም፤ ድምፅ ራሱ ሊጠይቀው የሚችል ጥያቄ ነው። የቫዮሊን አውታር ተፈጥሯዊ ከሆነ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረው መሣሪያ፣ ሲንተሳይዘሩ፣ ምንድን ነው? በዚህ አልበም ውስጥ ኦርኬስትራና ርካሽ የሚመስል የኪቦርድ ድምፅ ጎን ለጎን የተቀመጡት አቀናባሪው ድብልቅ ስለወደደ ብቻ አይደለም። ጥያቄው ሁለቱንም ስለጠራቸው ነው። እናንተም ክራርን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ልታገናኙ ስትነሡ፣ የሁለቱን መገናኘት የግድ የሚል ምን ሐሳብ አለን ብላችሁ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁ። ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ቅንብሩን አቆዩት።

ሦስተኛውን ትራክ «ዋይት ፍላግ»ን በጥንቃቄ ስሙት። የሚከፈተው ቤይሩት ውስጥ በተቀዳው የሊባኖስ ብሔራዊ የምሥራቃዊ ዐረብ ሙዚቃ ኦርኬስትራ ድምፅ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ የትንፋሽ መሣሪያውም፣ አውታሩም፣ ከበሮውም በራሳቸው ሥርዐት ይጫወታሉ። ከዚያ ድንገት ኦርኬስትራው ይቆምና ልጆች የሚጫወቱበት ኪቦርድ የሚመስል ቀጭን ምት ይገባል፤ በላዩም ካኖና ባሺ የተባሉ ሁለት የለንደን ወጣቶች ነጭ ባንዲራ ይዘው፣ ጦርነትን ወደ ኋላ ትተው፣ ወደ አንድ ደሴት ስለመድረስ ይራፓሉ። በመጨረሻ ኦርኬስትራው ይመለሳል። ልብ በሉ፤ የዐረቡን ሙዚቃ ቆርጠው ከምቱ ሥር እንደ ምንጣፍ አላነጠፉትም። በኪቦርድ ላይ የማይገኙ ድምፆች ያሉት ሙዚቃ ስለሆነ ከኪቦርዱ ጋር ላዋሕደው ቢባል ከሁለት አንዱ መሰበር ነበረበት። እነርሱ ግን ሙሉ ጊዜ ሰጡት፤ በክብር አስገቡት፤ በክብርም አስወጡት።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ማሲንቆ ተጫዋቹን ጠርታችሁ ከቀዳችሁ በኋላ እያንዳንዱን ድምፅ በኮምፒውተር ወደ ኪቦርዱ ልክ ስትጎትቱት፣ የቀረው ነገር ማሲንቆ የሚመስል እንጂ ማሲንቆ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ ሲመለስ ኢትዮ ጃዝን የሠራው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ አምስት ድምፆች ያሉት የአገራችን ቅኝት የዜማው ጌታ ሆኖ እንዲቀር አድርጎ ቫይብራፎን የተባለውን በመዶሻ የሚመታ የብረት መሣሪያ፣ የላቲኑን ከበሮና የጃዙን የድምፆች ስምምነት (ሃርመኒ) በዙሪያው አቆመ። አምስቱ ድምፆች የቅኝታቸውን ጠባይ ሳይለቁ ነው ከሌላው ጋር የተነጋገሩት። ማደባለቅ ሲባል ሁሉም እኩል መቅለጥ አለበት የሚል ሕግ የለም።

አሁን ስለ እንግዶቹ። በአልበሙ ላይ ስኑፕ ዶግ፣ ደ ላ ሶል፣ ሞስ ዴፍ፣ ሉ ሪድ፣ ማርክ ኢ. ስሚዝ፣ ግሩፍ ሪስ፣ የስዊድኑ ሊትል ድራገን፣ የቀድሞው የዘ ክላሽ ባንድ አባላት ሚክ ጆንስና ፖል ሲመነን፣ የቺካጎው ሂፕኖቲክ ብራስ ኤንሰምብል እና ሌሎችም አሉ። ዝርዝሩ ብቻ ቢታይ የታዋቂ ሰዎች ስብስብ ይመስላል። «ስታይሎ» የተባለውን ዘፈን ስትሰሙ ግን እያንዳንዱ ሰው ለምን እንደተጠራ ይገባችኋል። የሲንተሳይዘር ቤዙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለዋወጥ እንደ መኪና ሞተር ይሄዳል፤ የቱ-ዲ ድምፅ (የሚዘፍነው አልባርን ነው) ቀዝቅዞና ለስልሶ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይገባል፤ የሞስ ዴፍም ድምፅ በማሽን ተጣርቶ ይመጣል። ሁሉም ነገር ቀዝቃዛና ሰው ሠራሽ መስሎ ከተመቻቸ በኋላ ቦቢ ዎማክ ይፈነዳል። ዎማክ እ.ኤ.አ. በ1944 የተወለደ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሶል ሙዚቃ የታወቀ ድምፃዊ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን ከቀረጻ ርቆ ነበር፣ ጎሪላዝንም አያውቃቸውም። ያግባባችው ልጁ እንደሆነች ራሱ ተናግሯል። ስቱዲዮ ሲገባም በልብህ ያለውን ዝፈን አሉት፤ ስለ ፍቅርና ስለ ፖለቲካ ያሻውን ሲል ቆየ። ያ ሻካራ ጩኸት በዚያ ቀዝቃዛ ቤዝ ላይ ሲያርፍ የአልበሙ ጥያቄ ያለ አንዳች ማብራሪያ ይሰማል።

በዕድሜ የገፋ ድምፃዊ ስትጠሩ እንዲህ አድርጉ። የተዘጋጀ ግጥም ሰጥታችሁ እናንተን እንዲመስል አታድርጉት፤ እርሱ ብቻ የሚችለውን ነገር የሚያወጣበት ቦታ አዘጋጁለት። የሁሉንም ስም ጻፉ፤ ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ዩቲዩብ ላይ በሚወጡ ብዙ ሥራዎቻችን የድምፃዊው ስም በትልቁ ይቀመጣል፤ ዋሽንት የነፋው፣ ክራር የመታው፣ የቀዳው ሰው ስም ግን የለም። ጎሪላዝ ፊቱን የደበቀ ባንድ ሆኖ ሳለ የእንግዶቹን ስም በየዘፈኑ ርእስ አጠገብ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2010 ለዚህ አልበም ጉዞ ሲወጡም ከመጋረጃው ጀርባ መጫወት ቀርቶ ሙዚቀኞቹ ሁሉ ፊት ለፊት ቆሙ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በደማስቆ ጥንታዊ ምሽግ ውስጥ ተጫውተዋል።

በአልበሙ ዙሪያ ስለተፈጠረው ልብ ወለድ ታሪክ በአጭሩ ልናገር። ሂውሌት የሣለው ዓለም በደቡብ ፓሲፊክ ከየብስ ሁሉ በጣም ርቆ በሚገኘው ፖይንት ኔሞ ላይ ከቆሻሻ የተሠራ ደሴት ነው፤ መርዶክ እዚያ ተደብቆ ይኖራል፤ ቱ-ዲ ታፍኖ ወደዚያ ይወሰዳል። ሥዕሎቹ ውብ ናቸው፤ ለሽፋኑ የደሴቲቱ ሞዴል በእጅ ተሠርቷል። እኔ ግን አልበሙ ያለ ታሪኩም ይቆማል ባይ ነኝ። «ራይንስቶን አይስ» ለሚለው ዘፈን የታሰበው አኒሜሽን ሳይሠራ በንድፍ ሥዕል ደረጃ ብቻ ሲወጣ ሙዚቃው የጎደለው ነገር የለም። ለቪዲዮ ገንዘብ አጣን ብላችሁ ሐሳባችሁን የምትተዉ ይህን አስቡ።

በመጨረሻ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል አጥኑ። አሥራ ስድስቱን ትራኮች እያዘለላችሁ ወይም ስልኩ እንደፈቀደው እየቀላቀለ ሳይሆን በተቀመጡበት ተራ ስሟቸው፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። አሥራ አምስተኛው «ክላውድ ኦፍ አንኖዊንግ» ነው፤ ዎማክ ተመልሶ በኦርኬስትራ ታጅቦ በጣም በዝግታ ይዘፍናል። አብዛኞቻችን ብንሆን አልበሙን እዚያ ላይ እንጨርሰው ነበር፤ አድማጭ ልቡ ተነክቶ እንዲለይ። እነርሱ ግን ከዚያ በኋላ «ፓይሬት ጄት»ን አስቀመጡ፤ የሚዘል፣ ደስተኛ የሚመስል፣ አጭር የሲንተሳይዘር ዘፈን፤ ቃሉም ለመቶ ዓመት ቧንቧውን ከፍተን ስለመተዋችን የሚናገር። ዎማክ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥያቄው በተፈጥሯዊው ድምፅ ድል ተፈታ ማለት ነበር፤ ፕላስቲኩ ግን ዎማክ ከዘፈነም በኋላ ባሕሩ ዳር አለ፤ ስለዚህ አልበሙ የሚያልቀው በፕላስቲኩ ድምፅ ነው።