ባሕር ኃይል ለመግባት ላሰባችሁ

ካናዳ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ቋሚ ነዋሪዎችንም ለጦሯ ስለምትቀበል፣ የሚደውሉልኝ የእኛ ልጆች በርክተዋል። ስለ ደመወዝና ስለ ማቅለሽለሽ ሲጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፤ ደመወዙ ያኖራል፣ ማቅለሽለሹም ይለመዳል። ሰሞኑን ግን አንዷ «ጋሼ፣ ቅጹ ላይ አማርኛ እንደምችል ልጻፍ? ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ነው» አለችኝና እንቅልፍ ነሳችኝ።

ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ነበርን። እኔ «ሃሊፋክስ ክፍል» ከሚባሉት የካናዳ ፍሪጌቶች፣ ማለትም የጦር መርከቦች፣ በአንዷ ላይ መካኒክ ነኝ። መርከቧ ለዘወትር ጉዞ አንድ ዲዝል ሞተር፣ ለሩጫ ሁለት ጋዝ ተርባይኖች አሏት፤ ዲዝሉና ተርባይኖቹ አብረው አይገፉም፣ ወይ ይሄ ወይ ያኛው ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ድንገት ወደ ተርባይን ቀይሩ ተባልን። 134 ሜትር ብረት ከሥራችሁ ሲነሳ እግራችሁ ነው ቀድሞ የሚያውቀው። ለምን እንደምንሮጥ ለእኛ የሚነግረን የለም፤ ታች መስኮት የለም። የዚያ ባሕር ውኃ ራሱ ሙቅ ስለሆነ ማቀዝቀዣው ይቸገራል፣ ዓይናችን ከሙቀት መለኪያው አይነሳም። ከዚያ ቆምን። ብዙ ቆየን።

ተረኛነቴ አልቆ ምግብ ቤት ስገባ፣ በጎማ ጀልባ ወርዶ የነበረ ጓደኛዬ አጫወተኝ። ወደ የመን የሚሻገሩ ሰዎች የታጨቁባት የእንጨት ጀልባ ሞተሯ ቆሞ ነው። ውኃና ምግብ ሰጥተው፣ ሞተሩን አስነስተው ሸኟቸው። ነጠላ የተከናነበች ሴት ግን እጁን ይዛ ትናገር ነበር አለኝ፤ የሚገባው ሰው አልነበረም። እንደሰማው ሊያስመስልልኝ ሞከረ። «ወንድሜ» የምትለዋን ብቻ ለየሁ። እሱን ወንድሜ ብላ ትለምነው ይሁን፣ ወንድሟ ጠፍቶባት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አማርኛ መቻሌ ማኅደሬ ላይ ተጽፏል። ማኅደሩ ግን ሃሊፋክስ ከተማ፣ ቢሮ ውስጥ ነው፣ እኔ ደግሞ መርከቧ ሆድ ውስጥ።

ሥራው ሁልጊዜ ሩጫም አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የእኛዋ ዓይነት ፍሪጌት «ቪል ደ ኬቤክ» የዓለም ምግብ ፕሮግራምን እህል ወደ ሶማሊያ ስታጅብ፣ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የምትሮጥ መርከብ የጭነት መርከብ እግር እየጠበቀች ታዘግም ነበር። የዛሬ ልጆች ሚሳኤሉ አጠገብ ፎቶ መነሳት ነው የሚያምራችሁ። ኢንተርኔት ለደኅንነት ሲባል የተዘጋ ቀን ደግሞ ታኮርፋላችሁ። እርግጥ እኛም ደብዳቤ ሲዘገይ እናኮርፍ ነበር።

እና ልጄ፣ ጻፊው። ለእኔ መጻፉ አልጠቀመኝም፣ ቢሆንም ጻፊው። መርከብ ላይ በወጣሽበት ሳምንት ደግሞ በጎማ ጀልባ ወርዶ ሌሎች ጀልባዎችን የሚፈትሸውን ቡድን አለቃ ፈልገሽ በአፍሽ ንገሪው፤ ትግርኛም ሆነ ሶማልኛ ካለሽ ጨምሪለት። በየትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት ተረኛ እንደምትሆኚም ይወቅ። ሲጠሩሽ ቦታሽን የሚይዝልሽን ሰው ከወዲሁ ከአለቃሽ ጋር ተነጋግረሽ ጨርሺ፤ ሞተር ክፍል ባዶውን ተትቶ አይወጣም።