ሞተሩን ተወውና ወለሉን እይ

ወንድሜ፣ «በፈረንጆቹ 1972 የተሠራች ቮልስ አግኝቻለሁ፤ ሞተሯ በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ ልግዛት?» ብለሃል።

ሞተሩን ለጊዜው ተወው። የቮልስ ሞተር ወርዶ ይሠራል፣ ዕቃውም ሶማሌ ተራ ተፈልጎ አይጠፋም። ኪስ የሚያራቁተው ዝገት ነው። የኋላ ወንበሩን አንሳ። ባትሪው እዚያ ሥር ነው፤ አሲዱ ሲፈስ ወለሉን ይበላዋል። ምንጣፉን ገልጠህ በመፍቻ መታ መታ አድርገው። ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ላይ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አስጠጋ። ካልያዘ ላሜራ ሳይሆን ዝገቱን የሸፈነ ስቱኮ ነው። የእኔዋ ቀለሟ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ በሦስተኛው ወር እግሬ ሥር አስፋልት አየሁ!

እዚያው ሳለህ፣ ወንበሩ ሥር የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክር።

ከገዛሃት ዘይት ላይ አትሰስት። የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ያላትም የወረቀት ፊልትሮ ሳይሆን ወንፊት ነው። ራዲያተር ስለሌላት ሞተሩን በማቀዝቀዝ ዘይቱም ያግዛል። እኔ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። የቫልቩ ክፍተት የሚስተካከለው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። «ትኩስ እያለ ይሻላል» የሚል መካኒክ ከገጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

የቤንዚን ማስተላለፊያ ጎማዋን ግን በገዛሃት ቀን ቀይር። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑም የጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ቮልስ የሚያቃጥለው አንዱ ነገር ይኸው ነው።

የወለሉን ፎቶ ላክልንና ዋጋውን እንነጋገራለን።