የረጋ ማርና የጓጎለ ፕሮቲን፦ ከጅማ የመጡ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ጅማ ላይ ዝናቡ ያወርደው ነበር። የተጠራሁት ፕሮቲኖች እንዴት እየተጣበቁ አሚሎይድ የሚባለውን ክር እንደሚሠሩ ላወራ ነው። ገና አፌን ስከፍት መብራት ሄደ። ያዘጋጀሁት ሥዕል ሁሉ ፕሮጀክተሩ ውስጥ ቀረ። ቡናው እስኪፈላ «በቃ፣ የመጣላችሁን ጠይቁኝ» አልኩ። ወረቀት ላይ ጽፈው የሰጡኝም አሉ። ባዮኬሚስትሪ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ግን ክፍል ውስጥ አይገጥመኝም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከመጀመሪያው ይጀምሩልን። ፕሮቲን ይታጠፋል ሲባል ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ፕሮቲን ሲሠራ ረጅም ክር ነው። 20 ዓይነት ዶቃዎች በቅደም ተከተል የተሰኩበት ክር በሉት፤ ዶቃዎቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው። አብዛኛው ፕሮቲን ተጣጥፎ ቅርጽ ካልያዘ ሥራ የለውም። ውሃ የሚጠሉት ዶቃዎች ወደ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ውሃ የሚወዱት ውጭ ይቀራሉ። ክርስቲያን አንፊንሰን የተባለ አሜሪካዊ ኢንዛይም ከሚባሉት የሥራ ፕሮቲኖች አንዱን በዩሪያ አፍታታው። ዩሪያውን ሲያስወግድለት ኢንዛይሙ ራሱ ተመልሶ ታጠፈ። በ1972 ለዚህ ሥራው ኖቤል አገኘ። መመሪያው ያለው ከዶቃዎቹ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መመሪያው ውስጡ ካለ ታዲያ ለምን ይሳሳታል?

መልስ፦ ሴል ውስጥ በገበያ ቀን የጅማው ሄርማታ ገበያ ማለት ነው፤ መተላለፊያ የለም። በግማሽ የታጠፈ ፕሮቲን ውሃ የሚጠላው ጎኑ ገና አልተደበቀም። የጎረቤቱ ተመሳሳይ ጎን ካገኘው ይጣበቃሉ። ለዚህ ሲባል ሻፐሮን የሚባሉ ረዳት ፕሮቲኖች አሉ፤ አዲሱን ክር ከግፊያው ከልለው እስኪታጠፍ ይጠብቁታል። አልሆን ያለው ደግሞ ተቆራርጦ ይወገዳል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ጥበቃ ይላላል። የዘር ለውጥ፣ ሙቀት፣ አሲድ፣ የፕሮቲኑ ከልክ በላይ መብዛትም ያባብሱታል።

እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ብዙ ፕሮቲኖች በበቂ መጠን ከተከማቹ ከጤነኛው ቅርጽ ይልቅ የተረጋጋው የጓጎለው ክር ነው። ጤነኛው ቅርጽ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ያረፈ ድንጋይ ነው። አጠገቡ ገደል አለ። ስለዚህ «ለምን ይጓጉላል?» ከማለት «እንዴት ይህን ያህል ዘመን ሳይጓጉል ቆየ?» ማለት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ክሩ ራሱ ምን ይመስላል?

መልስ፦ መብራት ስለሌለ ያሳየኋቸው በእንጀራ ነው። እንጀራ ጋግረን አንዱን በአንዱ ላይ እንደራርባለን አይደል? አሚሎይድ ክር ውስጥ እያንዳንዱ ሞለኪውል እንደ እንጀራው ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፤ ቀጣዩ ልክ በላዩ ያርፋል። በሁለቱ መካከል 0.47 ናኖሜትር ገደማ ርቀት አለ። የክሩ ውፍረት ወደ 10 ናኖሜትር ነው፤ ከፀጉራችሁ ብዙ ሺህ ጊዜ ይቀጥናል። ርዝመቱ ግን እስከ ተደራረበ ድረስ ነው። ከውስጥ ደግሞ የዶቃዎቹ ጎኖች እንደ ዚፕ ጥርስ ስለሚገጥሙ መካከላቸው ውሃ እንኳ አይገባም። ኢንዛይም በቀላሉ የማይቆርጠው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከእንዲህ ያለ ክር ጋር የሚያያዘው በሽታ ለዓመታት ምንም ሳይል ቆይቶ ድንገት የሚመጣውስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከፊቴ የማር ብልቃጥ ነበር፤ ከታች መርጋት ጀምሯል። ማር ወራት ሙሉ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። አንዲት የስኳር ፍሬ ከበቀለች ግን ሌላው ይከተላታል። የረጋ ማር በማንኪያ ብትጨምሩበትማ አይጠብቅም። ማሩ ስኳር ነው፣ ፕሮቲን አይደለም፤ ጠባዩን ነው የተዋስኩት።

ፕሮቲንም የመጀመሪያዋን ዘር ለመሥራት ይቸገራል። ብዙ ሞለኪውሎች በትክክለኛው አኳኋን መገናኘት አለባቸው። ዘሯ ከተገኘች በኋላ ጫፏ ላይ መደረብ ቀላል ነው። ክሩ ሲሰበር ደግሞ ሁለት ክር፣ አራት ጫፍ ይሆናል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ስታዩት ምንም የለም፣ ምንም የለም፣ ከዚያ በአንዴ ይጥለቀለቃል። አልዛይመር በሚባለው የመርሳት በሽታ ክምችቱ የሚጀምረው መርሳቱ ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቀድሞ ነው።

ጥያቄ፦ አይብ ስናወጣ የሚጓጉለው አሚሎይድ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም፤ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። አሬራው ሲሞቅ ፕሮቲኖቹ ዝም ብለው እንደ ተወሳሰበ ክር ይያያዛሉ። ሥርዓት የለውም። የተቀቀለ እንቁላልም እንዲሁ። አሚሎይድ የተደረደረ ነው። ይሁንና ከአጓት የተለየ አንድ ፕሮቲን በጠንካራ አሲድ ውስጥ ለሰዓታት ሲሞቅ እውነተኛ አሚሎይድ ክር ይወጣዋል። ያንን ደግሞ ማንም ጓዳው ውስጥ አይሠራውም።

ጥያቄ፦ ስሙ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከስህተት። በ1854 ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ የታመመ አካል ላይ አዮዲን ጨምሮ እንደ ስታርች ሲቀልም አየ፤ ስታርች በላቲን አሚሉም ነው። በ1859 ሌሎች ሲመረምሩት ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን ቀረ። ዛሬም የሚለየው ለጥጥ ጨርቅ በተሠራ ኮንጎ ሬድ በሚባል ቀለም ነው፤ በልዩ ብርሃን ሲታይ እንደ አረንጓዴ ፖም ያበራል።

ጥያቄ፦ አያቴ ስሜን መርሳት ጀምራለች። የምንበላው አብረን ነው። ይጋባብኛል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ አብሮ በመብላት፣ በማጠብ፣ በማቀፍ አይጋባም። በአልዛይመር የሚጓጉሉት ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ ከነርቭ ሴሎች ውጭ አሚሎይድ ቤታ፣ ከውስጥ ታው። አሎይስ አልዛይመር ሁለቱንም ዓይነት ክምችት በ1906 ገልጿል። አሚሎይድ ቤታ ከትልቅ ፕሮቲን ተቆርጦ የሚወጣ ቁራጭ ነው። አንዳንዱ 40 ዶቃ፣ አንዳንዱ 42 ዶቃ አለው። እነዚያ ሁለት ትርፍ ዶቃዎች መጣበቁን ያብሱታል። የትልቁ ፕሮቲን ዘረ መል ክሮሞዞም 21 ላይ ስለሆነ ይህ ክሮሞዞም በትርፍ ያላቸውን፣ ማለትም ዳውን ሲንድረም ያለባቸውን ሰዎች ቀደም ብሎ ይይዛቸዋል። በቀጥታ ከወላጅ የሚወረሰው ዓይነት ግን ብርቅ ነው።

ደግሞ መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴም ያስረሳሉ፤ እነሱ ይታከማሉ። ሳትታይ አትቅር። በ2023 አሜሪካ ሌካኔማብ የሚባል መድኃኒት ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። ክምችቱን ይጠርጋል። በ18 ወር ሙከራ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ አዘግይቷል። የጠፋውን አይመልስም፤ የአንጎል እብጠትና መድማትም ሊያመጣ ይችላል። እኔ ጥቅሙ መጠነኛ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። አንዱ ምክንያት፣ የከፋው መርዝ ረጅሙ ክር ሳይሆን ገና ሳይረዝሙ ያሉት ትንንሽ ጥርቅሞች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቁርጥ እወዳለሁ። የእብድ ላም በሽታስ?

መልስ፦ ሳቅ በሳቅ ሆንን። የእብድ ላም በሽታ የሚመጣው ፕሪዮን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የተበላሸው ፕሪዮን ጤነኛውን እንደራሱ ያደርገዋል፤ ከሰው ወደ ሰው፣ ከእንስሳ ወደ ሰው መተላለፍም ይችላል። ስታንሊ ፕሩሲነር በ1982 ስሙን አወጣለት፤ በ1997 ኖቤል ተሸለመ። እንግሊዝ ውስጥ የተስፋፋው የከብት ሥጋና አጥንት ተፈጭቶ ለከብት መኖ ስለሆነ ነው። አደጋው በዋናነት አንጎልና ህብለ ሰረሰር ላይ ነው። መቀቀልም አያጠፋውም፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ጥሬና ጥብስ ብዙ ልዩነት የላቸውም። ለቁርጥ ወዳጅ ቅርቡ አደጋ ኮሶና አባ ሰንጋ ነው።

ጥያቄ፦ ኢንሱሊን ስወጋ ሆዴ ላይ ጠጠር ያለ እብጠት ወጣ። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ይህችን ቤቴ አይቻታለሁ። እናቴ ለዓመታት የተወጋችው ከእምብርቷ በስተግራ አንድ ቦታ ላይ ነበር። «እዚያ አያመኝም» ትላለች። መርፌውን ያስጀመራት ጤና ተቋም ቦታ ቀያይሪ አላላትም። ስኳሯ አልወርድ አለ፤ መጠኑ ይጨመርላታል፣ አሁንም አይወርድም። አንድ ቀን ሆዷን በእጄ ስነካው ቆዳዋ ሥር ለውዝ የሚያህል ነገር አገኘሁ።

አብዛኛው እንዲህ ያለ እብጠት ስብ ነው። አልፎ አልፎ ግን ራሱ ኢንሱሊኑ አሚሎይድ ሆኖ እዚያው ይጠራቀማል። በሁለቱም እዚያ የተወጋው መድኃኒት በደንብ አይሰርግም። ቦታውን መቀያየር ነው መፍትሔው። ግን ተጠንቀቁ፤ ወደ ጤነኛ ቦታ ስትዛወሩ ኢንሱሊኑ በሙሉ ኃይሉ ስለሚሠራ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። መጠኑን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ። ብልቃጡንም ፀሐይ ላይ አትተዉ፣ አታንቀጥቅጡት። ሙቀትና መናጥ ኢንሱሊንን ያጓጉሉታል።

ጥያቄ፦ ቲቢ የኩላሊት አሚሎይድ ያመጣል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይታከም ከቆየ። ሰውነት ሲቆጣ ጉበት አንድ ፕሮቲን በብዛት ያመርታል፤ ከእሱ የሚወጣ ቁራጭ ኩላሊት ላይ ይጓጉላል። የሽንት አረፋ መብዛትና የእግር እብጠት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ቲቢውን በጊዜ መጨረስ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉም አሚሎይድ ጠላት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ቦታው ላይ ለመጣበቅ ሆን ብሎ ይሠራዋል። የእኛም ቆዳ ጥቁር ቀለሙን የሚያነጥፈው አሚሎይድ በሚመስል ክር ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አልፋፎልድ፣ ይህን ሁሉ አልፈታውም እንዴ? ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ።

መልስ፦ በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ያስገኘ ትልቅ ሥራ ነው። የሚነግርህ ግን መድረሻውን እንጂ መንገዱን አይደለም። ፕሮቲኑ የት ላይ እንደሚስት ገና ያልታወቀ ብዙ አለ። አንድ ታው እንኳ በተለያየ በሽታ የተለያየ ቅርጽ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ቡናስ ይከላከላል?

መልስ፦ ጅማ ላይ ይህ ባይጠየቅ ነበር የሚገርመኝ። ቡና የሚጠጡ ሰዎች ላይ ፓርኪንሰን፣ ፕሮቲን የሚጓጉልበት ሌላው የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል በሽታ፣ አነስ ብሎ መታየቱ በብዙ ጥናት ተመዝግቧል። ምክንያቱ ቡናው ራሱ ስለመሆኑ ግን አልተረጋገጠም። እኔ ሦስተኛውንም ጠጣሁ፤ ስለጣፈጠኝ ነው።

ጥያቄ፦ ያ የረጋው ማር ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ምንም አልሆነም። ብልቃጡን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ይፈታል። የፕሮቲኑን ክር ግን ለብ ያለ ውሃ አይፈታውም።